ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከመጣን ወዲህ ከሰሉም መብራቱም አልበቃ አለን፤ ከየት ልጀምር?

የሦስት ልጆች እናት (ቧንቧ ውሃ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ወጥተን ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ተከራይተናል። አምስት ቤተሰብ ነን። የምንበላው ያው የድሮው ነው፤ ወጪው ግን በየወሩ እየጨመረ ነው። ኮምቦልቻ እያለን ወር አልፎ የሚተርፈን አንድ ማዳበሪያ ከሰል እዚህ ሦስት ሳምንት አይዘልቅም፤ ሲያልቅ በጣሳ እንገዛለን። ባቄላና ሽንብራ አልበስል ይላል። ቆጣሪው ከአከራይና ከሌላ ተከራይ ጋር የጋራ ነው። የጤፍ ዱቄት በኪሎ ነው የምንገዛው። ሊጡም ቶሎ አይቦካም፣ እንጀራው ዓይን የለውም።

ከልጆቹ መሶብ መቀነስ አልፈልግም። ከምግቡ ውጭ የሚባክነው የት ነው? ስንት፣ መቼ፣ እንዴት የሚለውን በቁጥር ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ጦሳ ስር

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። የከሰሉ ነገር ከከፍታው ነው የሚጀምረው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሽቅብ የወጣሽው ብዙ ነው። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም ቀድሞ ይፈላል። ኮምቦልቻ 94 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ውሃ ደሴ 92 ገደማ ላይ ይንተከተካል። ለሻይ ልዩነት የለውም፤ ለባቄላና ለሽንብራ ግን ረጅም ተጨማሪ ሰዓት ማለት ነው።

አብዛኛው ከሰል የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፦ አልበስል ሲል እሳት እንጨምራለን። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ የምትጨምሪው እሳት ውሃውን ያተንነዋል እንጂ ሙቀቱን ከ92 አያሳልፈውም። በኃይል የሚንፈቀፈቅ ድስትና ዝም ብሎ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድስት እኩል ነው የሚያበስሉት። ስለዚህ ልክ ሲፈላ የምድጃውን በር ዝጊ፣ ከሰሉን በአመድ አልብሺ፣ ክዳኑን ግጠሚ። ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ ንጹሕ ድንጋይ ጫኚበት፤ እናቶቻችን የሚያደርጉት በምክንያት ነው።

ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፊ። ለ1 ኪሎ ባቄላ ወይም ሽንብራ 3 ሊትር ውሃ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት። የደሴ ሌሊት ስለሚበርድ ሲዘፈዘፍ ለብ ያለ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። ጠዋት የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊና በአዲስ ውሃ ጣጂው። ቲማቲምና ሎሚ ሳይበስል አይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ልጣጩ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ቆይቶ ያረጀ ጥራጥሬም ቢዘፈዘፍ ድርቅ ይላል፣ ይህ የሻጩ ጓዳ ችግር ነው፤ ስትገዢ አንድ ፍሬ በጥርስሽ ሞክሪ፣ ቀለሙ የጠቆረና የጨቀየውን ተዪው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዋናው ዘዴ መጠቅለል ነው። የተዘፈዘፈ ባቄላ ከፈላ በኋላ 40 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ምስርና ክክ ከሆነ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ክዳኑን ሳትከፍቺ ድስቱን አውጥተሽ ታቹ፣ ዙሪያውና ላዩ ጭድ ወይም አሮጌ ልብስ በተጠቀጠቀበት ካርቶን ውስጥ አስቀምጪ፤ በላዩ ብርድ ልብስ። ምስርና ክክ በአንድ ሰዓት፣ ባቄላ በሦስት ሰዓት ያልቅለታል። የማይሳካበት ምክንያት ሁለት ነው፦ ድስቱ ግማሽ ባዶ ከሆነ ሙቀት የሚይዝ ነገር የለውም፣ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ይሙላ፤ ሌላው በየመሀሉ ከፍቶ ማየት ነው። ስታወጪው ድስቱ እጅ የሚያቃጥል መሆን አለበት፤ ለብ ካለ አያዋጣም፣ ምግቡም ይበላሻል። ከመብላታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ይፍላ። ቦሎቄ ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፣ ስለዚህ ከመጠቅለሉ በፊት ግማሽ ሰዓት በደንብ ይንተክተክ።

ትንሽ ሶዳ ብትጨምሪ ደግሞ ቶሎ ይለሰልሳል።

ስለ ከሰል፦ በጣሳ መግዛት የወሩን ወጪ ከሚያባብሱት አንዱ ነው፤ ማዳበሪያው ሩብ ሲቀረው የሚቀጥለውን ግዢ። ጥሩ ከሰል ሁለቱን ስታጋጪው ቅጭል ይላል፣ ሲሰበር ያብረቀርቃል። ቡናማ መልክ ያለው በደንብ ያልከሰለ ነው፣ ያጨሳል። የረጠበ ከሰል ሚዛን ይጨምራል፣ ሲነድም ከጉልበቱ የተወሰነው የራሱን ውሃ ለማድረቅ ይሄዳል፤ ከመሬት ከፍ አድርገሽ በእንጨት ላይ አስቀምጪው። ምድጃሽ ተራ የቆርቆሮ ከሆነ ውስጡ ሸክላ ያለው ላቀች ምድጃ አንድ አራተኛ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ቤቱ እስኪሞቅ ብላችሁ ግን ከሰል ያለበት ምድጃ ዘግታችሁ አትተኙ። ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ብርድ ሲጠና ይህ ነገር በከተማችን ቀልድ አይደለም።

ሽቦ አዋቂ

እትዬ፣ እኔ የመብራቱን ልንገርዎ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በቤትዎ እንደሱ የሚበላ ሌላ ነገር የለም። አምስት ቤተሰብ በቀን 8 እንጀራ ቢበላ በሳምንት 56 ነው፣ በሁለት ጋገራ 28፣ 28።

በ3.5 ኪሎዋት ምጣድ እናስላው። ለማሞቂያ 12 ደቂቃ፤ አንዱ እንጀራ 2 ደቂቃ ተኩል፣ 28ቱ 70 ደቂቃ። አንዱን አውጥቶ ሌላውን እስከ ማዞር ግማሽ ደቂቃ ከሄደ 14 ደቂቃ ይጨመራል። ድምሩ 96 ደቂቃ ወይም 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አሁን ክፍተቱ ግማሽ ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ 2 ደቂቃ ቢሆን፣ ማለትም ሊጥ ለመቅዳት፣ ሰፌድ ለመፈለግ፣ ልጅ ለማየት ቢሄዱ፣ 42 ደቂቃ ባዶ ምጣድ ይነዳል፤ 2.45 ኪሎዋት ሰዓት በከንቱ። በወር ዘጠኝ ጊዜ ቢጋግሩ 22 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሰዎች «በአንድ ቀን ብዙ ጋግሩ» ይላሉ፤ ልክ ነው፣ ግን አንድ ማሞቂያ ቢቀር የሚተርፈው 0.7 ብቻ ነው። ትልቁ ቁጠባ በእንጀራና በእንጀራ መሀል ያለው ነው።

ስለዚህ ሊጡ በባልዲ ተቀጥኖ፣ መቅጃው፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱ ሁለት ሆኖ ከጎንዎ ሳይቀመጥ ማብሪያውን አይንኩ። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ሁለት እንጀራ ሲቀርዎ ያጥፉት፤ የመጨረሻውን ትንሽ ቀጠን አድርገው ያዙሩትና አክንባሎውን ይድፉበት። በተረፈው ትኩሳት ቆሎም ይቆላበታል። አክንባሎው ዙሪያውን እንፋሎት የሚያፈስ ከሆነ እያንዳንዱ እንጀራ ይዘገያል፣ ያንን አስተካክሉት።

ሂሳቡን በተመለከተ፤ የቤት ታሪፉ በእርከን ነው፣ 50፣ 100፣ 200 እያለ እስከ 500 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል፣ ብዙ የተጠቀመ ከፍ ባለ ዋጋ ይከፍላል። ከላይ ባሰላነው ምጣድ ብቻውን በወር (5.6 በዘጠኝ ጋገራ) 50 ገደማ ይወስዳል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲሆን ሁላችሁም ሳትፈልጉ ላይኛው እርከን ላይ ትወጣላችሁ። የራስ ቆጣሪ ማስገባት ከተቻለ ዋናው መፍትሔ እሱ ነው። ካልተቻለ ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ለየቤቱ አነስተኛ ቆጣሪ ይግባና ሂሳቡ በንባብ ይካፈል፤ በሰው ቁጥር መካፈል ምጣድ የሌለውንም የሚቆጥበውንም ይጎዳል። አንድ ምሽት ሁሉንም አጥፍታችሁ ቆጣሪውን እዩት፤ ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ማለቷን ካላቆመች ወይ የሚያፈስ መስመር አለ ወይ ሌላ ሰው ተያይዟል።

ስፒናው ይግላል? 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው፤ ተራ ሶኬት የሚችለው መጨረሻ። ለምጣድ ብቻ የሚሄድ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። ለመብራት በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሽቦ ላይ ምጣድ መሰካት ቤት ያቃጥላል። ማራዘሚያ በፍጹም አይጠቀሙ።

የሦስት ልጆች እናት (ቧንቧ ውሃ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ የምጣዱን ክፍተት በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም። የሊጡንስ ነገር ማን ይንገረኝ? ማሽላ መቀላቀሉስ ያዋጣል? ፕሬዠር ኩከር መግዛትስ?

ሆጤ ሰፈር

የሊጡን እኔ ልመልስልሽ የኔ እህት። መጀመሪያ ግን ጦሳ ስር የጻፍከው ሶዳ ይቅር። ቶሎ ያለሰልሳል፣ እውነት ነው፤ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ይገድላል፣ ጣዕሙንም ሳሙና ሳሙና ያደርገዋል። ልጆች ጥራጥሬ በሚበሉበት ቤት ከመዘፍዘፍ የሚበልጥ የለም።

ሊጡ ያልቦካው በርዶት ነው። ኮምቦልቻ በሁለት ቀን የሚደርስ ሊጥ ደሴ ሦስት፣ ብርድ ሲጠና አራት ቀን ይፈልጋል፤ ሳይደርስ ከጋገርሽው ዓይን አይኖረውም፣ ምጣዱ ላይ ይይዛል፣ ሲነሳ ይቀደዳል። የተቀደደ እንጀራ ደግሞ ዱቄትም መብራትም ነው የወሰደብሽ። ለ28 እንጀራ 6 ኪሎ ዱቄት ገደማ ያስፈልግሻል፤ እንደ ምጣዱ ስፋት ከ1 ኪሎ ከ4 እስከ 5 እንጀራ ይወጣል። 9 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ተጠቀሚ፤ ክንድሽን ስትነክሪበት የማያቃጥል፣ የማይበርድም። ከመጠን በላይ ከሞቀ እርሾውን ይገድለዋል። እርሾ አንድ ሊትር ያህል ጨምሪ። በደንብ አሺው፣ ዱቄቱ ፍርፍር ሆኖ ከቀረ እንጀራው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል። ባልዲውን ግጠሚና በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ከመሬት ከፍ አድርጊው፤ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ሊጥ በሌሊት ይቀዘቅዛል።

ሲደርስ ቢጫ ውሃ ያቀርራል። ያንን ቅጂው፤ ለሚቀጥለው እርሾ አንድ ሊትር አስቀሪ። ቀጥሎ አብሲት፦ ከሊጡ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሰጂ፣ በ3 ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰልሽ ጨምሪ፣ እስኪወፍር አብስዪ። ጣትሽን የማያቃጥል እስኪሆን አብርጂና ወደ ሊጡ መልሺ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። አብሲቱ ትኩሱን ከገባ የቦካውን ይገድላል፤ ጨርሶ ከበረደ ደግሞ አይነሳም። ኩፍ ብሎ ዓረፋ እስኪይዝ ጠብቂ፣ ደሴ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ኩፍ ብሎ ተመልሶ ከወረደ አልፎበታል።

ማሽላው ያዋጣል፣ ግን በመጠን። ሁለት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ነጭ ማሽላ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ እንጀራው በማግስቱ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል፤ ልጆቹ ጥለውት ከተነሱ ቁጠባው የለም። ቀዩ ማሽላ ይመራል። ሩዝ የሚቀላቅሉም አሉ፤ ነጭና ለስላሳ ያደርገዋል፣ በሁለተኛው ቀን ግን ይገግራል፣ ሲጠቀለል ይሰበራል። ሌላው መንገድ ነጩን ጤፍ ትቶ ሰርገኛ መግዛት ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ጣዕሙ አይከፋም።

ከዱቄት ይልቅ እህሉን ግዢ። ዱቄት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ አይታይም፤ እህሉን ግን በእጅሽ ዘግነሽ አሸዋና ገለባውን ታዪዋለሽ። አበጥረሽ ነፍተሽ ወደ ወፍጮ ውሰጂው፤ ማሽላውንም አብረሽ አስፈጪ፣ በደንብ ይቀላቀላል።

የተጋገረውን ትኩሱን ደራርበሽ መሶብ አትክደኚ። እያንዳንዱ በሰፌድ ላይ ይብረድ፤ ላቦቱ ታምቆ ከቀረ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። የደረቀው ፍርፍር ይሁን፣ የሻገተው ግን ጠርጎ መብላት አይገባም።

ቦርከና ዳር

ስለ ግዢው ጊዜ የኮምቦልቻውን ወገን ልጨምር። ጤፍ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ይወቃል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገበያው ይሞላል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወደዳል። አምስት ቤተሰብ በወር 50 ኪሎ ገደማ ጤፍ ይጨርሳል፤ ሦስት ኩንታል በጥር ከገባ ክረምቱ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። ገንዘቡ በአንዴ አይወጣምና እቁባችሁን በጥር እንዲደርሳችሁ ከዳኛው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር አንድ ኩንታል ተካፈሉ። ጥራጥሬ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ይፈለጋል፣ ዋጋውም ይነሳል፤ ከዚያ በፊት ግዙ። ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ወሩን እያያችሁ።

ግን ሁሉንም በጅምላ ግዙ ማለት አይደለም። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይበላውም፣ እርጥበት ካላገኘው ዓመት ይቆያል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሽንብራና ባቄላ ግን ነቀዝ ይወዳቸዋል፤ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚበልጥ ደግሞ ከደሴ ቶሎ ይፈላባቸዋል። የቆላ ዘመድ በርካሽ የላከውን ማሽላ ሦስት ወር በተራ ጆንያ ማስቀመጥ ለነቀዝ መቀለብ ነው።

መጀመሪያ መድረቁን አረጋግጡ። በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ሲሶ እህል፣ ጥቂት የደረቀ ጨው ጨምራችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ናጡ። ጨዉ ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፤ በሸራ ላይ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ አስመቱት፣ ሲበርድ ክተቱት። ማስቀመጫው አየር የማያስገባ ይሁን። ሁለት ውስጣዊ ላስቲክ ያለው ፒክስ ከረጢት ለኩንታል ይሆናል፤ እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ ጠምዝዞ ማሰር ነው፣ አይጥ እንዳይበሳው ከግድግዳ ይራቅ። ለጥራጥሬ ታጥቦ በደንብ የደረቀ 20 ሊትር ጀሪካን ጥሩ ነው፣ 15 ኪሎ ገደማ ይይዛል። እስከ አፉ ሙሉት፣ ክዳኑን አጥብቁ፤ ውስጥ የገባው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። በየቀኑ የምትከፍቱት አንድ ትንሽ ዕቃ ለብቻው ይኑር፤ ትልቁን በየጊዜው ከከፈታችሁት አየር አስገብታችሁ ነቀዙን ታድኑታላችሁ። በገበያ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት አታስገቡ። ጋዙ ቤተሰብ ይጨርሳል።

ስትገዙ በኪሎ ይሁን። ጣሳና ቁና እንደ ሻጩ እጅ ይለያያል።

ጦሳ ስር

ስለ ሶዳው ሆጤ ሰፈር ልክ ነህ፣ አንስቼዋለሁ። ውሃ ግን ሁላችንም ረሳነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን የሚገዛው ከቧንቧው ብዙ እጥፍ ነው። ክረምት በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 800 ሊትር ይወርዳል፤ የሚፈሰውና የሚተነው ቢቀነስ ከ600 አያንስም፣ ሦስት በርሜል ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ጣሪያው ይጠብ፣ ድፉት። ለልብስና ለወለል ይሁን፣ ለመጠጥ አይሁን። በርሜሉን በቀጭን ጨርቅ ሸፍኑ፣ ትንኝ እንዳይራባ።

የሦስት ልጆች እናት (ቧንቧ ውሃ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፕሬዠር ኩከሩ ግን ሳይመለስልኝ ቀረ፤ ከመጠቅለሉ ይሻላል?

ሽቦ አዋቂ

ለደሴ ይሻላል እትዬ፣ ምክንያቱም ከፍታውን የሚያሸንፍ እሱ ብቻ ነው። ክፍት ድስት 92 ላይ ሲቆም እሱ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። የተዘፈዘፈ ሽንብራ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። መመሪያው ላይ ያለው ሰዓት ለቆላ አገር የተጻፈ ስለሆነ ሲሶ ጨምሩበት። ማፏጨት ሲጀምር እሳቱን ዝቅ ያድርጉ፤ ያለማቋረጥ በኃይል የሚያፏጭ ከሆነ ውሃና ማገዶ እያባከነ ነው።

ጥራጥሬ ከግማሽ በላይ አይሙሉት፤ ያብጣል፣ ዓረፋው ልጣጭ ይዞ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። አንድ ማንኪያ ዘይት ዓረፋውን ይቀንሰዋል። ከመጣድዎ በፊት ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት፣ ብርሃን ካላሳለፈ በቀጭን ሽቦ ያጽዱ። ግፊቱ ሳይወጣ ክዳኑን በጉልበት መክፈት ፊት ያቃጥላል። ሲገዙ ልኩ የሆነ ትርፍ ጎማ መኖሩን እዚያው ሱቅ ይጠይቁ፤ ጎማው ሲደርቅ በጠርዙ እንፋሎት ይወጣል፣ ግፊት አይይዝም፣ ያኔ ተራ ድስት ሆነ ማለት ነው። ታጥቦ ሲቀመጥ ክዳኑን አይቆልፉት፣ ጎማው ተጨፍልቆ እንዳይቀር ገልብጠው ያስቀምጡት።